ቦርጭ ከኩላሊት ጠጠር ጋር ምን ያገናኘዋል?

ይህ ጽሑፍ በክሊኒካችን መጠበቂያ ክፍል ለእናቶችና ለአባቶች ከምናቀርባቸው ትምህርቶች አንዱ ሲሆን፣ በዕለቱ ላልተገኛችሁት እንዲደርሳችሁ በጽሑፍ ቀርቧል። «ለቤተሰብ ምጣኔ መጥተን ስለ ኩላሊት ጠጠር ምን አመጣው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም አዋላጅ ነርስ እንጂ የኩላሊት ሐኪም አይደለሁም። ወደዚህ ጉዳይ ያስገባችኝ አንዲት እናት ነች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአዳር ተረኛ ሳለሁ አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ባለቤቷ ደግፏት መጣች። ሁለት ልጆች ወልዳ ሦስተኛውን የያዘች ነች። «ምጡ ያለ ቀኑ መጣብኝ» አለችኝ። ሆዷን ዳሰስኩ፣ የፅንሱን የልብ ምት አዳመጥኩ፣ የማሕፀን በሯንም አየሁ፤ አልተከፈተም። ሕመሙ ጋብ ሲልላት «የውሸት ምጥ ነው፣ ዕረፍት አድርጊ» ብዬ ሸኘኋት። ጎህ ሳይቀድ ተመልሳ መጣች። ቀደም ሲል ልብ ያላልኩትን ነገር ያየሁት በዚህን ጊዜ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ሕመሙ ሲለቃት ታርፋለች። ይህች ግን መቀመጥም መተኛትም አቅቷት ትወራጫለች። እጇን የምትጭነውም ሆዷ ላይ ሳይሆን ቀኝ ጎኗ ላይ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር ነበር። ሽንቷ ሲመረመር ደም ተገኘበት። ወደ ሆስፒታል ልከናት በአልትራሳውንድ ስትታይ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ጠጠር ተገኘ። ጠጠሩ ከቀናት በኋላ በራሱ ወረደላት፤ ልጇንም በወሩ በሰላም ተገላገለች። እኔ ግን መጀመሪያ ስትመጣ «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ? በጣትሽ አሳይኝ» ብዬ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከወለደች በኋላ ለምርመራ ሲመጡ ባለቤቷ ያነሳው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። «ሲስተር፣ እሷ እኮ ምስር ስትለቅም አትጠነቀቅም፤ ይህ ሁሉ ጠጠር ከዚያ የመጣ ነው» አለኝ። እሷም አንገቷን ደፋች። ሰውየው ራሱ ሱሪውን ከቦርጩ በታች የታጠቀ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ እንጀምር። ከምስርም ሆነ ከጤፍ ጋር የተበላ ጠጠር በአንጀት በኩል አልፎ በሰገራ ይወጣል። ወደ ኩላሊት የሚደርስበት መንገድ የለውም። የኩላሊት ጠጠር የሚሠራው እዚያው ኩላሊት ውስጥ ነው። ኩላሊት ደማችንን እያጣራ ካልሲየም፣ ኦክሳሌት፣ ዩሪክ አሲድና ሌሎችንም ነገሮች በሽንት ያስወጣል። እነዚህ ነገሮች በሽንቱ ውስጥ ሟሙተው ሊወጡ ይገባል። ሽንቱ ሲያንስና ሲወፍር፣ ወይም እነሱ ከልክ በላይ ሲበዙ ግን ስኳር የበዛበት ሻይ ከብርጭቆው ሥር እንደሚዘቅጥ ሁሉ መሟሟት ያቅታቸዋል፤ ይዘቅጣሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ እያደሩም ይጠነክራሉ። አብዛኛው ጠጠር ከካልሲየምና ከኦክሳሌት የተሠራ ነው። ከዩሪክ አሲድ የሚሠራም አለ። ሪህ የሚያመጣውም ይኸው ዩሪክ አሲድ ነው።

ታዲያ ቦርጭ ከየት ገባ? በሰውነታችን ውስጥ ስብ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ አይደለም። ከቆዳችን ሥር ያለውን በጣታችን ቆንጥጠን ልንይዘው እንችላለን። ሌላው ግን ከሆድ ዕቃ ውስጥ፣ አንጀትና ጉበት አካባቢ ይከማቻል። በግ ሲታረድ አንጀቱን ሸፍኖ የምናየው ሞራ አለ አይደል? የእኛም ሆድ ውስጥ እንዲሁ ነው። ቦርጭ ከውጭ ሲታይ አንድ ይምሰል እንጂ ጉዳቱ የሚያይለው በውስጠኛው ሞራ ነው። ሞራው ዝም ብሎ የተቀመጠ ጭነት አይደለም። ከውስጡ የሚወጣው ቅባት ወደ ጉበትና ወደ ደም እየገባ ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭ፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠር ንጥረ ነገር መሆኑን የስኳር ሕመምተኛ በቤቱ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ሥራው ግን ስኳርን መቆጣጠር ብቻ አይደለም፤ ኩላሊትንም ያግዛል።

ኩላሊት በሰውነት ውስጥ የሚፈጠረውን አሲድ ለማስወጣት አሞኒያ ይሠራል። ያልታጠበ ሽንት ቤት ስትገቡ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ እሱ ነው። አሞኒያው አሲዱን ያበርደዋል፤ ሽንቱም ልከኛ ይሆናል። ኢንሱሊን ሥራው ሲደክም ኩላሊት የሚሠራው አሞኒያ ይቀንሳል፤ ሽንቱም ኮምጣጣ ይሆናል። ዩሪክ አሲድ ደግሞ በኮምጣጣ ሽንት ውስጥ አይሟሟም። በላቦራቶሪ መለኪያ የሽንት ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ መዝቀጥ ይጀምራል። ቦርጫም ሰዎችና የስኳር ሕመምተኞች ከሌላው ይልቅ በዩሪክ አሲድ ጠጠር የሚጠቁበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። በዚህ ላይ ሰውነቱ የገዘፈ ሰው በሽንቱ የሚያስወጣው የዩሪክ አሲድና የኦክሳሌት መጠን ስለሚጨምር ሌላው ዓይነት ጠጠርም ቢሆን አይቀርለትም።

ይህን ነገር በብዙ ሰው ላይ ያሳየው ጥናት የመጣው ከእኛው ሙያ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 55 የሆነ 121,700 ያህል ባለትዳር ነርሶች በፖስታ የተላከላቸውን መጠይቅ ሞልተው መለሱ። ጥናቱ የተጀመረው ስለ ኩላሊት ለማወቅ አልነበረም። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በጤና ላይ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ነበር። ነርሶቹ በየሁለት ዓመቱ መመለሳቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ በዕድሜ ወጣት የሆኑ ከ116,000 በላይ ነርሶች ለብቻቸው ሌላ ጥናት ጀመሩ። ከጊዜ በኋላ እነዚህ ሴቶች ሜትር ይዘው ወገባቸውን በየቤታቸው እየለኩ ላኩ። በጤና ሙያ ላይ የተሰማሩ ወንዶችም እንዲሁ በሌላ ጥናት ታቅፈው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005 የሦስቱ ቡድኖች ውጤት አንድ ላይ ታትሞ ወጣ። ወደ 241,600 በሚጠጉ ሰዎች ላይ በክትትሉ ዓመታት 4,827 አዲስ የጠጠር ሕመም ተመዝግቧል። ወገባቸው በጣም የሰፋው በጣም ከጠበበው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በወንዶቹ ላይ ጠጠር የመያዝ ዕድሉ በግማሽ ያህል (48 በመቶ) በልጦ ተገኘ። በዕድሜ በገፉት ነርሶች ላይ 71 በመቶ፣ በወጣቶቹ ነርሶች ላይ ደግሞ 94 በመቶ፣ ማለትም ወደ ዕጥፍ የተጠጋ ነበር። እኔን ያስገረመኝ የሴቶቹ መብለጥ ነው። በጠቅላላው ሲታይ የኩላሊት ጠጠር ወንዶችን ይበልጥ ያጠቃል። ቦርጩ ሲጨመርበት ግን ወጣቷ ሴት ላይ ይበረታል። የክብደት ጉዳይም እንዲሁ ነው። ከ18 ዓመቷ ወዲህ 16 ኪሎ ያህልና ከዚያም በላይ የጨመረች ወጣት ነርስ፣ ክብደቷ ካልተለወጠው ይልቅ ዕድሏ በ82 በመቶ ይበልጥ ነበር።

እዚህ ላይ እንዳትደነግጡ። ዕጥፍ ሆነ ማለት ቦርጭ ያለው ሁሉ ጠጠር ይይዘዋል ማለት አይደለም። በጥናቱ ዘመን ጠጠር የያዛቸው ከመቶው ሁለት ያህሉ ናቸው። ነርሶቹም አብዛኞቹ ነጮች፣ የሚበሉትም ከእኛ የተለየ ስለሆነ ቁጥሩ እንዳለ ወደ እኛ ይገለበጣል አልልም። ቀጭን ሆኖ ጠጠር የሚይዘው ሰውም አለ፤ ውኃ አለመጠጣት፣ ሙቀት፣ የዘር ውርስ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ሞራው ኢንሱሊንን፣ ኢንሱሊኑም ኩላሊትን የሚያውክበት መንገድ ግን በቦስተንም በደሴም ያው ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በእኛ ከተሞች ቦርጭ ሕመም ሳይሆን ክብር ነው የሚመስለን። ያገባ ሰው ሆዱ ገፋ ሲል «ትዳር ተስማማው» ይባላል። ሚስቱም ትመሰገንበታለች። እሷ ደግሞ ስትወልድ ወዳጅ ዘመድ ገንፎውን በቅቤ አንሳፎ፣ አጥሚቱን፣ የዶሮውን ወጥ ይዞ ይመጣል። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ የደከመች አራስ መጠንከርና ማጥባት አለባት። እኔም ስወልድ ጠግቤ በልቻለሁ። ችግሩ የአራስነቱ አመጋገብ አራስነቱ ካለፈ በኋላም ሲቀጥል ነው። በመጀመሪያው ልጅ አራት ኪሎ ይቀራል፣ በሁለተኛው አምስት፣ በሦስተኛው ደግሞ መቁጠሩ ይተዋል። ከላይ የተጠቀሰው 16 ኪሎ በአንድ ቀን የሚመጣ ሳይሆን እንዲህ ተጠራቅሞ የሚሞላ ነው። ልጆችን አራርቆ መውለድ አንዱ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ሰውነት ከአንዱ እርግዝና ሳይመለስ ሌላው አይደረብበትም።

«እኔን ያወፈረኝ መርፌው ነው» የምትሉ እናቶች ብዙ ናችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ሊጨምር ይችላል፤ በሁሉም ላይ ግን አይደለም። የሚዋጠው እንክብል ግን ክብደት እንደሚጨምር በጥናት አልተረጋገጠም። ሆርሞን የሌለው ሉፕም አለ። ስለዚህ ክብደታችሁ ጨምሮ ካያችሁ ቀጠሮውን ዝም ብላችሁ አትተዉት፤ መጥታችሁ ንገሩን፣ ተመዝናችሁ ሌላ ዘዴ እንመርጣለን። መርፌውን ለባሏም ለእኛም ሳትነግር አቋርጣ፣ ከአራት ወር በኋላ አርግዛ የመጣች እናት አይቻለሁ። ከዚህ በፊት ጠጠር ይዟችሁ ከነበረም ካርዳችሁ ላይ እንዲጻፍ ንገሩን።

የወገብ ልክ ለማወቅ የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ነው። ልብስ ሳይበዛ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ከታችኛው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መካከል፣ እምብርት አካባቢ ሜትሩን ዙሩት። ትንፋሽ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ ራስን መሸንገል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ማሰብ የሚጀመርበት፣ ከ88 በላይ ደግሞ ለጤና በጣም የሚያሰጋ ነው። ለወንድ ቁጥሮቹ 94ና 102 ናቸው። ነፍሰ ጡር ይህን አትለካ፤ የወለደችም ጥቂት ወራት ትቆይ። አባቶች ደግሞ የሱሪ ቁጥራችሁን አትመኑ። ቀበቶው ከቦርጩ በታች እየወረደ ስለሚታሰር ሰውየው በስፋት ሲጨምር የሱሪው ቁጥር ሳይለወጥ ዓመታት ያልፋሉ።

ቦርጭን ለመቀነስ የሚረዳው ነገር ለሁላችሁም አዲስ አይደለም፤ በእግር መሄድ፣ እንጀራውንና ቅቤውን በልክ ማድረግ፣ እራትን ማቅለል። ቀስ እያለ የሚቀንስ ይበልጣል። አሁን አሁን «እንጀራና ዳቦ ትቼ ሥጋ ብቻ እበላለሁ» የሚሉ መጥተዋል። ሥጋ ሲበዛ ሽንቱን ያኮመጥጠዋል፣ ዩሪክ አሲድንም ይጨምራል። ስለዚህ ቦርጩን ሸሽቶ ጠጠሩ ላይ መውደቅ ይሆናል። ቁርጥ የምትወዱም ይህን አስቡ።

ወተትና አይብ ካልሲየም ስላላቸው ጠጠር ያመጣሉ ብላችሁ የተዋችሁ ካላችሁ ተመለሱበት። ጣልያን አገር ቀደም ሲል ጠጠር በያዛቸው 120 ወንዶች ላይ ለአምስት ዓመት የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ካልሲየም ከቀነሱት 60 ሰዎች ጠጠሩ በ23ቱ ላይ ተመለሰ። ካልሲየሙን ሳይቀንሱ ጨውና ሥጋን ከቀነሱት 60 ሰዎች ግን በ12ቱ ላይ ብቻ ነው የተመለሰው። ምክንያቱም ከምግብ የሚገኘው ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ በሰገራ ያስወጣዋል። ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ለውዝ ኦክሳሌት ይበዛባቸዋል፤ ቆስጣን በአይብ መብላት ታዲያ ጥሩ ዘዴ ነው። ጨው ግን ካልሲየሙን ወደ ሽንት ይገፋዋልና ወጡ ላይ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ነፍሰ ጡሮችም በክትትል የታዘዘላችሁን የካልሲየም እንክብል በዚህ ፍርሃት አታቋርጡ፤ ከምግብ ጋር ውሰዱት።

ከሁሉም በላይ ውኃ ነው። ያቺ እናት ሱቅ ነጋዴ ነች። አካባቢው ሽንት ቤት ስለሌለው ጠዋት አንድ ስኒ ቡና ጠጥታ እስከ ማታ ውኃ አትቀምስም ነበር። ባለቤቷ ይህን አያውቅም ነበር፤ ስትናገር ሰምቶ ምስሩን ረሳው። በዚያው ሳምንት ከጎረቤት ካፌ ባለቤት ጋር ተነጋግሮ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንድትገባ አስፈቀደላት። ጠጠር የያዘው ሰው በቀን ከሁለት ሊትር ተኩል ያላነሰ ሽንት እንዲወጣው ይመከራል። ለዚህም በአንድ ሊትር ሃይላንድ ሦስት ያህል መጠጣት ያሻል፤ በቆላ አገር ከዚያም ይበልጣል። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። ሽንታችሁ እንደ ገለባ ፈዘዝ ያለ ከሆነ በቂ ነው፤ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ጎድሏል። ጾም ወይም ሌላ ምክንያት ቀን የሚያስጠማችሁ ማታ አካክሱ። ሎሚ ጨመቅ ማድረግም ይረዳል። ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥ ግን ቦርጩንም ጠጠሩንም ይመግባል። ቡናና ሻይ እንደማይጎዱ እነዚያው ጥናቶች ስላሳዩ ቡናችሁን በሰላም ጠጡ። «ቢራ ጠጠር ያወርዳል» የሚሉ አባቶችን ግን አልደግፍም፤ ቦርጩን ማን ያውርድላቸው?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ እየመጣ የሚሄድ ብርቱ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ማስመለስ ካለ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከተጨመረበት ወይም ሽንት ጨርሶ ከቆመ ሌሊትም ቢሆን አትደሩ፤ ከታሰረ ሽንት በላይ ያለ ልክፈት ኩላሊትን ብቻ ሳይሆን ሕይወትን ያጠፋል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ደግሞ በቤት ያለ የሕመም ማስታገሻ ከመዋጣችሁ በፊት ኑ። አልትራሳውንድ ፅንሱን አይጎዳውም። ለአዋላጇም ሕመሙ የሚጀምርበትን ቦታ ሳትጠየቁ በጣታችሁ አሳዩአት።

ሜትሩ ካርድ ክፍል መስኮቱ አጠገብ ተንጠልጥሏል። ባልና ሚስት ሆናችሁ የመጣችሁ አንዳችሁ ሌላችሁን ለኩና ቁጥሩን ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ጽፋችሁ ግቡ።